የእትዬ አውሮፕላን

ታላቅ እህቴ እትዬ አንድ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፍራለች። አንድ ጊዜ! እኛን ግን ይኸው ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚያ አውሮፕላን አላወረደችንም።

ባለቤቷን መሥሪያ ቤቱ ወደ ውጭ ሲልከው ተከትላው ሄዳ ነው። ስለ አገሩ ስትጠየቅ "ያው፣ ይበርዳል" ብላ ታልፋለች። ስለ አውሮፕላኑ ከተነሳ ግን ያቀረብነው ራት ይቀዘቅዛል። በር ላይ አስተናጋጇ "እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ" ብላ ካፖርቷን ተቀብላ መስቀሏ፣ በመቆንጠጫ የተሰጣት ትኩስ ፎጣ፣ ጆሮ እንዳይደፈን የታደለው ከረሜላ፣ የብረቱ ሹካ፣ እግሯን ዘርግታ የፊቱን ወንበር አለመንካቷ... አንድም ሳይቀር በቃሌ ይዤዋለሁ። የታመመ ልንጠይቅ ሆስፒታል ሄደን እንኳ፣ ግሉኮስ የተሰካለትን ሰውዬ "ይሄ ምን አልጋ ነው፣ የአውሮፕላኑን ወንበር ብታይ..." ብላ ስትጀምረው በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውዬው በየት ይሽሽ?

እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ ሶፋ አልብሼ የምኖር ሰው ነኝ። ከቤቴ ሱቄ፣ ከሱቄ ቤቴ። አንድ ቀን እንግዳ ተሰብስቦ ስለ አውቶቡስ ወንበር አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት "አንቺ ደግሞ! ከመሬት ከፍ ያልሽው መጋረጃ ለመስቀል ዱካ ላይ ስትወጪ ብቻ ነው" አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም፤ ቋጥሮ ያዘው።

ዘንድሮ ባሕር ማዶ ያለችው ልጄ ወለደች። ለእኔም ለአክስቷም ቲኬት ላከችልን። ለእኔ ደግሞ "ለክፉ ጊዜ ይሁንሽ እማዬ" ብላ የባንክ ካርድ ጨመረችልኝ።

ለመንገድ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ሸክፌ ነበር። እትዬ ከቦርሳዬ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው።

"አውሮፕላን ውስጥ እንቁላል ልትልጪ ነው? ልታዋርጂኝ! እዚያ እኮ በግድ ነው የሚያበሉሽ።"

እሷ አስተናጋጇ የምትሰቅልላትን ካፖርት ለብሳ፣ በዚያ ሙቀት እያላባት መጣች። አውሮፕላኑ በር ላይ ስንደርስ አውልቃ ለአስተናጋጇ ዘረጋችላት።

"ከእግርዎ ሥር ያድርጉት፤ መንገድ አይዝጉ እማማ" አለች ልጅቷ።

"አዲስ ናት መሰለኝ" አለችኝ እትዬ።

ወንበሩን በእጄ ጫን ጫን አደረግሁት። ይህን የመሰለ ስስ ስፖንጅ ለደንበኛ ብገጥም ሶፋውን ተሸክሞ መጥቶ በላዬ ላይ ይጥለው ነበር። ስቀመጥ ጉልበቴ በወንበሩ አልፎ የፊተኛውን ሰውዬ ወገብ ወጋው። እትዬ በበኩሏ ወንበሯን ለማስተኛት ቁልፍ ፈልጋ አጣች፤ ስታጣ በጀርባዋ ትገፋው ጀመር።

"እማማ፣ ምን እየሆኑ ነው?" አለ ከኋላዋ ያለው።

"እየተኛሁ ነዋ።"

"ይሄ ወንበር አይተኛም።"

"አይዞህ፣ ስላልለመደ ነው እንጂ ይተኛል።"

ፎጣ የለ፣ ከረሜላ የለ። እትዬ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ኋላ ጋሪው ከወዲያ ብቅ ሲል ፊቷ ቦግ አለ።

"አላልኩሽም?"

አስተናጋጇ ምን ልስጥዎ ብትላት፣ ሳንድዊቹንም ቸኮላቱንም ጭማቂውንም "ከሁሉም" አለች። "ለእህቴም። እኚህ መምህርም አፍረው ነው፣ ስጫቸው።" መስኮቱ ጋ የተቀመጡት፣ ስንነሳ የተዋወቅናቸው ጡረተኛ መምህር "ኧረ እኔ ይቅርብኝ" አሉ።

"አፈር ስሆን፣ ይብሉ! እነዚያንስ ሕፃናት ለምን አለፍሻቸው? ስጫቸው እንጂ!" ከመተላለፊያው ማዶ ከእናታቸው ጋር ለተቀመጡት ልጆች ነው። ልጆቹ ቸኮላቱን ከነወረቀቱ ሊውጡት ምንም አልቀራቸው። እትዬ ጉሮ ወሸባዬ የተባለላት ደጋሽ መስላ ወዲያና ወዲህ "ብሉ፣ ብሉ" ትላለች።

አስተናጋጇ ከተነሳን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችና አንዲት ትንሽ ማሽን አወጣች። "በካርድ ነው የሚከፍሉት፤ ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም።"

"የምን?"

"የበላችሁትን።"

መምህሩ የጎረሱትን ይዘው ቀሩ፤ አይውጡት፣ አይተፉት።

"የኔ ልጅ፣ ድሮ እኮ..."

"ድሮ አልተወለድኩም እማማ።"

እትዬ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። "እህት ዓለም" አለችኝ። ጭንቅ ካልያዛት ይቺን ቃል አታወጣትም። "ያ የልጅሽ ካርድ..."

"ለክፉ ጊዜ ነው።"

"ይሄ ክፉ ጊዜ አይደለም?"

"ለአንቺ ነው።"

"ሰው ፊት አታዋርጂኝ እንጂ! ምን ላድርግልሽ?"

ማሰብ አላስፈለገኝም። "አውሮፕላኑን ስጪኝ።"

"የቱን አውሮፕላን?"

"የድሮውን። ከዛሬ ጀምሮ የተሳፈርኩበት እኔ ነኝ። የማወራውም እኔ።"

"አብደሻል? የገዛ ጉዞዬን!"

"እንግዲያው መክፈያ የለኝም ብለሽ ንገሪያት።"

"ቆይ፣ ቆይ! ፎጣውን እንኳ ተዪልኝ።"

"ከነፎጣው።"

"ከረሜላውንስ?"

"እትዬ!"

"እናቶቼ፣ መንገድ ዘግቻለሁ" አለች አስተናጋጇ። እትዬ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ነቀነቀች። ካርዱን አውጥቼ ቁጥሩን ነካካሁ። መምህሩ ዋጡ።

እትዬ ካፖርቷን ከእግሯ ሥር አንስታ እስክናርፍ ድረስ ተከናነበችው።

ልጄ ቤት ስንደርስ የአማቿ ዘመዶች ክፍሉን ሞልተው ጠበቁን። ሕፃኑን ታቅፌ ስቀመጥ፣ የልጄ አማት "መንገዱ እንዴት ነበር?" አሉ። እትዬ ልማዷ ነውና ጉሮሮዋን ጠረገች። ቀደምኳት።

"የዛሬውስ ይቅር" አልኩ። "እኔ ወጣት ሆኜ የተሳፈርኩበትን ላጫውትዎ። ገና በሩ ላይ ካፖርቴን ተቀብላ..."

ልጄ አንዴ እኔን፣ አንዴ አክስቷን እያየች ቀረች። እኔ የት ልቁም! ፎጣውን አተነንኩት፣ ከረሜላውን በሦስት ዓይነት አደልኩት፣ እግሬን ዘረጋሁ። ሴትየዋ ወንበራቸውን አስጠግተው "ወይ ጉድ!" ይላሉ። ምግቡ ላይ ስደርስ "ሹካው የብር ነበር" አልኩ።

"የብረት ነው!" አመለጣት እትዬን።

ዞር ብዬ አየኋት።

"አንቺ ደግሞ ምን አውቀሽ?" አልኳት። "ያኔ ሱቅ ሶፋ ስታለብሺ አልነበር?"

ካፖርቷን ይዛ መስቀያ ፍለጋ ተነሳች። እኔም ወደ ሴትየዋ ተመልሼ የአውሮፕላኑን ጣፋጭ አስመጣሁ።