«ምንም አልሆንኩም፣ ሂድ»

ዑምኩልሱም ሰው «ልሂድ ወይ?» ሲላት «ቆይ» ማለት የማይሆንላት ሴት ናት። ባሏ ባድሩ በሕይወት ሳለ፣ ትኩሳት ይዟት ስትንቀጠቀጥ እንኳ እሱ መረቡን ይዞ ወደ ሐይቁ ሲወርድ፣ «ሂድ፣ ምንም አልሆንኩም» ትለው ነበር። እሱ ካለፈ በኋላ ልጇ ኢልሀም፣ ዓረብ አገር ልሂድ ወይስ ካንቺ ጋር ልሁን ብላ ጉልበቷ ላይ ስታለቅስ፣ ለሷም ያንኑ አለቻት። ልጅቷም ሄደች። አሁን አሠሪዎቿ ሲፈቅዱላት ትደውላለች፤ ደህና ነሽ ወይ ተባብለው ሳይጨርሱ መስመሩ ይቋረጣል። ዑምኩልሱም ግን ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ትንሽ ትቆያለች።

እንግዲህ የአደጋውም ነገር የመጣው በዚሁ አመሏ ነው።

ቤቷ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ውጫሌ ከሚወስደው አስፋልት ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። የግሸን ማርያም ንግሥ ዋዜማ ለበጓ ያጨደችውን ሣር ተሸክማ መንገዱን ስትሻገር፣ ከመታጠፊያው ብቅ ያለ ሚኒባስ በጎን መስታወቱ ሸክሟን መታው። እሷም ከነሸክሟ ዞራ ቦዩ ውስጥ ወደቀች። ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ፣ በሩን እንኳ ሳይዘጋ እየሮጠ መጣ። አሻግሬ ይባላል፤ የውጫሌ ልጅ ነው።

«እማማ! ተጎዱ እንዴ? ሐኪም ቤት ልውሰድዎት!»

ደግፎ ሣሩ ላይ አስቀመጣት። ቀና ብላ መኪናውን አየች። ተሳፋሪው ሁሉ ነጠላውን እንዳጣፋ አንገቱን በመስኮት አስግጓል። አንዲት አሮጊት አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ትከሻቸው ላይ አንድ በሽተኛ ተደግፏል። ፀሐይዋ እያዘነበለች ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ከመኪናው ከወረዱ በኋላ ተራራውን ገና በእግራቸው ሊወጡ ነው።

«ሣሩ ነው የተመታው፤ እኔ ምንም አልሆንኩም» አለችው። «ሂድ ልጄ፣ የማርያም እንግዶች አይምሽባቸው። እኔንም በዱዓቸው እንዳይረሱኝ በላቸው።»

«እውነት ደህና ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ሂድ አልኩህ እኮ!»

«እንግዲያው አድርሻቸው ስመለስ አይዎታለሁ።»

መኪናው ከዓይኗ ሲሰወር ልትነሳ ብትል ዳሌዋ እንቢ አላት። ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። ሰዎች ደርሰው «ገጭቷት አመለጠ!» አሉ፤ ትራፊክ ፖሊስ ተጠራ። አሻግሬ እንደ ቃሉ ተመልሶ ሊፈልጋት ከመኪናው ሲወርድ እዚያው ተያዘ። ተመልሶ መጣ ያለለት ግን የለም፤ በዚያ ሲያልፍ ተያዘ ተብሎ ተጻፈበት።

ደሴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች መርማሪው፣ «ሹፌሩ ቆሟል? ምን አለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«አላስታውስም» አለች። ያኔ እውነቷን ነው፤ የሕመም መድኃኒቱ አደንዝዟት ነበር። ሲለቃት ሁሉም ትዝ አላት፤ የአሮጊቷ እጅ፣ የሣሩ ሽታ፣ ያ «ሂድ» ያለችው። ይሁን እንጂ የሚጠይቃት ሰው በዚያ ሰዓት አጠገቧ አልነበረም።

አሻግሬ በዋስ እንደወጣ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ፤ ይቅርታ ለመናት፤ እሷም ይቅር አለችው። ከዚያ በኋላ ብቻውን ይመጣ ጀመር። መንጃ ፈቃዱ ተይዟል፤ መኪናውን ባለቤቱ ለሌላ ሹፌር ሰጥቶታል፤ እሱም ቀኑን የሚያውልበት የለውም። ከቦኖ ውሃ ይቀዳላታል፤ ለበጓ ሣር ያጭዳል፤ ዘንድሮም አምናም ሲንጠለጠል የኖረውን በር አቀናላት። ሥራው ሲያልቅ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ በመንገዱ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ይለይላታል።

«ይሄ አይሱዙ ነው፤ ፍሬኑ ደክሟል። ይሄኛው ደግሞ አዲስ ሹፌር ነው፤ ማርሹን ሲያስጮኸው ሰሙ?»

ዑምኩልሱምም ምርኩዟን ተደግፋ፣ ሰምታ እንደማታውቅ ሆና ታዳምጠዋለች። በዚህ በስተእርጅና መኪና መለየት ለመደች።

ጎረቤቷ ተሾመች በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «አንቺ ዑምኩልሱም!» ትላታለች። «ሌላው አምጦ ልጅ ያገኛል፣ አንቺ ተገጭተሽ አገኘሽ! እኔን ምነው አንድ ባጃጅ እንኳ በጨረፈኝ!»

«ያንቺን ምላስ ሰምቶ የትኛው ባጃጅ ይጠጋሻል!» ትላታለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

አንድ ቀን አሻግሬ ጀሪካኑን አስቀምጦ ቆመ።

«እማማ፣ ያን ዕለት ‹ሂድ› ብለውኝ አልነበር?»

አዎን ልትል አፏን ከፈተች። አዎን ካለች ነገሩ ያልቃል፤ ነገሩ ካለቀ መኪናው ይጠራዋል፤ መኪናው ከጠራው ይህ ደጃፍ ባዶ ነው።

«እንጃ ልጄ» አለች። «ራሴን አዙሮኝ ነበር።»

አሻግሬ ዳግመኛ አልጠየቃትም። በማግሥቱም ውሃውን ይዞ መጣ።

መንግሥት የመደበለት ተከላካይ ጠበቃ ዘይኑልአቢዲን ይባላል፤ ፋይሉን በብብቱ ይዞ ሽቅብ እያለከለከ ሲመጣ ደንበኛውን ሣር ተሸክሞ አገኘው።

«አንተ ሰውዬ አብደሃል? ዐቃቤ ሕጉ ቢያይህ ምስክር እያባበለ ነው ይልሃል!»

«ለበጓ ሣር አመጣሁ እንጂ ምን አደረግሁ?»

«በጓም ምስክር ብትሆን ያው ነው! ሂድልኝ ከዚህ!»

አሻግሬ ሲሄድ ጠበቃው ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ነገሩን በግልጽ ልንገርዎት። ሰው ገጭቶ ሳይረዳ ጥሎ የሄደ ይታሰራል። ይህ ልጅ ግን ቆሜ ነበር፣ እሳቸው ሂድ ብለውኝ ነው የሄድኩ ይላል። ተሳፋሪዎቹ ከየአገሩ የመጡ ናቸው፣ አይገኙም። የመኪናው ረዳት ቢናገርለት የራሱ ሰው ነው ተባለ። እንግዲህ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ዑምኩልሱም የሻሿን ጫፍ ስትጠቀልል ቆየች።

«ነጻ ሲወጣ… ወዲያው ወደ ሥራው ነው የሚገባ?»

«ታዲያስ! ያን ጊዜማ ምን ያስቀምጠዋል?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። «አላስታውስም፣ ልጄ።»

አይፍረዱባት። ጧት ተነስቶ የሚያናግረው ሰው ያለው፣ የዝምታን ክብደት አያውቀውም።

ከዚያ ወዲያ አሻግሬ ቀረ፤ ጠበቃው ከልክሎታል። በችሎቱ ዋዜማ ከዐስር ሶላት በኋላ ግን መጣ። አልገባም፤ በሩ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ ነገ ጥፋተኛ ነኝ ልላቸው ነው።»

«ምነው?»

«ሳስበው ሳስበው፣ ሂድ ያላሉኝ ይመስለኛል። ተሳፋሪው ይጮኽብኝ ነበር፤ እኔም መሄዱን ፈልጌው ነበር። ሰው የፈለገውን የሰማ ይመስለዋል። ሰው ጥዬ የምሄድ መሆኔን አላውቅም ነበር፤ ለካ ነኝ።»

ይህን ብሎ ወረደ። ዑምኩልሱም ልትጠራው ምርኩዟን ይዛ እስክትነሳ እሱ አስፋልቱ ደርሷል። እስር ቤት የገባ ይወጣል፤ ከዚህ ልጅ ግን የነጠቀችው ስለ ራሱ የሚያውቀውን ነገር ነው። ያን ምሽት በሩን ስትዘጋ ያለ አንዳች ድምፅ ገጠመ፤ እሱ ነው ያቀናው።

በጧቱ ተሾመችን ባጃጅ አስጠርታ፣ ሐይቅ ከተማ ፍርድ ቤት እሱ ቃሉን ሳይሰጥ ደረሰች። ችሎቱ ሲሰየም አሻግሬ ሊናገር ተነሳ፤ ጠበቃው ግን እጁን ጎትቶ፣ ምስክሯ መጥተዋልና መጀመሪያ ይሰሙልኝ አለ። ዑምኩልሱም ቁርኣን ይዛ ማለች።

«ተከሳሹ ጥሎዎት ሄዷል?» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«ሄዷል።»

ዘይኑልአቢዲን ዓይኑን ጨፈነ።

«ግን እኔ ነኝ የላክሁት» አለች። «ቆሟል፣ አንስቶኛል፣ ሐኪም ቤት ልውሰድዎት ብሎኛል። እንግዶቹ እንዳይመሽባቸው ሂድ ያልሁት እኔ ነኝ። ስመለስ አይዎታለሁ ብሎኛል፤ ተመልሷልም።»

«ለፖሊስ አላስታውስም ብለው ነበር» አሉ ዳኛው።

«ያን ጊዜ እውነቴን ነው፤ መድኃኒቱ አደንዝዞኝ ነበር። ወዲያው ግን ትዝ ብሎኛል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ? ተከሳሹ ያለዎት ነገር አለ?»

«እሱማ አንድ ቀን ጠየቀኝ፤ እንጃ ብዬ አሳፈርኩት።» ምርኩዟን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ይህ ልጅ ውሃ ይቀዳልኛል።»

ከኋላ ሰው ሳቀ።

«ውሃውን ብዬ አይደለም፣ ጌታዬ። ሲገባ ‹እንዴት አደሩ› ይላል። ነጻ ከወጣ ማን እንዴት አደርሽ ይለኛል ብዬ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

ግቢው ውስጥ አሻግሬ ደግፎ ባጃጅ ላይ አወጣት። ዓይኗን አላየም።

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ እኮ…» አለና ተወው። ለባጃጁ ሹፌር፣ «ጉድጓዱን ሽሽ፣ ዳሌያቸው አልጠናም» ብሎ እዚያው ቀረ።

ስለ ጉዳቱ መቀጫ ተወሰነበት፤ ጥሎ ሄደ ከተባለው ግን ነጻ ወጣ። ወልድያ መስመር ገብቷል ብላ የነገረቻት ተሾመች ናት። ዑምኩልሱም፣ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ እውነትም ደስ አላት። ከዚያ ጀሪካኑን አነሳች፤ ግማሽ ግማሽ እየቀዳች፣ በምርኩዟ እየተደገፈች ትወጣ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ መኪናውን በድምፁ ትለያለች። ይሄ አይሱዙ ነው። ይሄ ፍሬኑ ደክሟል። የምትነግረው ግን የለም።

ጥቢው አልፎ ብርዱ ሲገባ፣ አንድ ሚኒባስ ከታች ፍጥነቱን ቀነሰና ያ ሸክሟ የተመታበት ቦታ ላይ ቆመ። አሻግሬ ውሃ የሞላ ጀሪካን ተሸክሞ ሽቅብ ወጣ።

«እንዴት ዋሉ፣ እማማ?»

ተቀየምከኝ ወይ ልትል ነበር፤ ግባና ተቀመጥ ልትል ነበር። ከታች ተሳፋሪው ጮኸ፤ «ሹፌር! መሸ እኮ! የሰው አገር ልታሳድረን ነው?»

አፏ እንደ ልማዱ ቀደማት። «ምንም አልሆንኩም፣ ደህና ነኝ። ሂድ ልጄ፣ መንገደኛህን አድርስ።»

አሻግሬ ፊቱ ፈታ አለ። ወደ መኪናው ዞሮ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ፦

«ሰማችሁ? ሁላችሁም ምስክር ናችሁ! ሂድ ብለውኛል!»

ተሳፋሪው ግራ ገብቶት ተያየ። ዑምኩልሱም በሳቅ ወገቧን ያዘች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። እሱ እየሮጠ ወርዶ ሞተሩን አስነሳ። ማርሹን ያለ ጩኸት አስገባ።

መኪናው መታጠፊያውን እስኪያልፍ፣ ካለፈም በኋላ፣ ድምፁ ከሌላው ድምፅ ተለይቶ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ አዳመጠች። ከዚያ ጀሪካኑን ወደ ቤት ልታስገባ ጎንበስ አለች። ሙሉ ስለነበር አልነሳ አላት፤ ውሃውን በጣሳ እየቀነሰች፣ ቀስ እያለች ታስገባው ጀመር።