የአቶ ቶማ ዋይፋይ

ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምታደርግላት ሴትዮ ጥያቄዋን ሳትጨርስ፣ አፏን እንደከፈተች ላፕቶፑ ላይ ደርቃ ቀረች። ድምጿ እየተቆራረጠ ትንሽ ቀጠለና እሱም ጠፋ። ወዲያው የብሩክታይት ስልክ ጠራ።

«መስመርሽ አያሠራም» አለቻት ሴትዮዋ ከአዲስ አበባ። «ትንሽ ቆይተን አንዴ እንሞክራለን። ካልሆነ ወደሚቀጥለው ተወዳዳሪ እናልፋለን።»

ብሩክታይት በ2007 ተመርቃ ሶዶ እናት አባቷ ቤት ከተቀመጠች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። እስካሁን ለቃለ መጠይቅ የጠራት መሥሪያ ቤት ይህ ብቻ ነው። የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ ከፈተች። የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ተሰልፎበታል። የይለፍ ቃሉን የመረጡት አባቷ ናቸው፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በላቲን ፊደል። የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆኑ ለቅሶ ላይም ሠርግ ላይም የሚጠቅሱት እሱኑ ነው፤ ጎረቤቱ በመጀመሪያ ሙከራው አገኘው።

«አባዬ፣ የይለፍ ቃሉን ልቀይረው ነው።»

«ለምን?»

«መስመሩ አንድ ነው። ይሄ ሁሉ ሰው ፊልም ሲያወርድበት ለእኔ ምን ይተርፋል?»

አቶ ቶማ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጎረቤታችን ፋንታዬ አጥራችን ሥር ተቀምጣለች። ልጇን ኤልሳዕን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲያልፍ ማላዊ ላይ አስረውታል። ዛሬ የጠባቂ ስልክ ለምኖ ሊደውልላት ነው።»

«የእኔ እስኪያልቅ ብቻ።»

«እሷን አስቀርተሽ ሌላውን ማባረር አይቻልም? ለዚህ አይደል የተማርሽው?»

ይቻላል። ወጥታ አዲሱን የይለፍ ቃል በፋንታዬ ስልክ ላይ መጻፍ ነው። ግን ፋንታዬ ለልጆቻቸው ይሰጣሉ፣ ልጆቻቸው ለሰፈሩ።

«ጊዜ የለኝም፣ አባዬ» አለችና አሮጌውን አጥፍታ አዲስ ጻፈች።

የራውተሩ መብራቶች ጠፍተው ተመልሰው በሩ። ውጭ አንድ ጎረምሳ፣ «አቶ ቶማ፣ እረኛችን ተኛ እንዴ?» ሲል ጓደኞቹ ሳቁ።

ሴትዮዋ ተመለሰች። አሁን የጆሮ ጌጧ እንኳ ጥርት ብሎ ይታያል። ብሩክታይት ስለ ትምህርቷ፣ ስለ መመረቂያ ጽሑፏ ተናገረች፤ አንድም ቃል አልተቆረጠባትም። ሴትዮዋ እየሰማች ራሷን ነቀነቀች።

የግቢው በር ተንኳኳ።

«አቶ ቶማ» አሉ ፋንታዬ ከውጭ። «ልጄ እያወራኝ ጠፋብኝ። የት እንደሚወስዱት ሊነግረኝ ነበር። ምን ሆኖ ነው?»

አቶ ቶማ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ግን ወደ በሩ አልሄዱም። ልጃቸውን አዩ።

«ድምፅ እየሰማን ነው» አለች ሴትዮዋ። «ችግር ካለ ጥቂት ልንጠብቅሽ እንችላለን።»

ብሩክታይት አባቷን አላየችም።

«ችግር የለም» አለች። «የጎረቤት ጉዳይ ነው። እንቀጥል።»