የኪልዶራ ሥራ ቤት

ፔርሜሶዬ፣ የጣሊያን የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሊያበቃ ነው። ኪልዶራ የምትባል ትንሽ የአየርላንድ ገጠር ከተማ ቄስ ትፈልጋለች። ምእመናኑ ከተቀበሉኝ እዚያ እያገለገልኩ ትምህርቴን እጨርሳለሁ፤ ካልተቀበሉኝ ሮምን ለቅቄ ባዶ እጄን ወደ አገሬ እመለሳለሁ። ዛሬ በኮምፒውተር ሊያነጋግሩኝ ነው።

ሌላው ሲፈራ ይበላል፣ እኔ አጠናለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ስለ ኪልዶራ ሳነብ ነበር። ወንዙ ከተማዋን በደቡብ ይዞራታል። አደባባዩ ለእሷ ሲበዛ ሰፊ ነው፤ የከብት ገበያ ስለነበር። ባቡሩ ቀርቷል፣ ጣቢያው አለ። ኮረብታው ላይ ደግሞ «ወርክሃውስ» የሚሉት ቤት ነበር። ቃል በቃል ስመልሰው ሥራ ቤት ሆነልኝ፤ በጌቶች ግቢ ምግብ የሚሰናዳበት ቤት። ድሃ የሚያበሉበት መሆን አለበት ብዬ ደስ አለኝ።

የኮሌጃችን ኃላፊ አባ ኃይለመለኮት ከበሩ አጠገብ ቆመው እንደ ልማዳቸው በጣሊያንኛ ጀምረው አስጠነቀቁኝ። «አሎራ፣ ወልደ ተንሣኤ፣ ረሃብ የምትል ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ! ስለ እኛ የሚያውቁት እሷን ብቻ ነው።»

«እሺ አባ፣ እንዳሉኝ አደርጋለሁ።»

ሦስት የምእመናኑ ተወካዮች በስክሪኑ ላይ መጡ። መሐል የተቀመጡት ሽበታሟ ወይዘሮ ብሪጂት ስለ ከተማቸው ምን እንደማውቅ ጠየቁኝ። ወንዙን፣ ገበያውን፣ ባቡሩን አንበለበልኩት። ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት!

«ከሁሉ የወደድኩት ግን ወርክሃውሳችሁን ነው» አልኩ። «ድሃ ጠግቦ የሚወጣበት ቤት የሠራ ሕዝብ የተባረከ ነው።»

ሦስቱም ሳይንቀሳቀሱ አፈጠጡብኝ። ኢንተርኔቱ የተቋረጠ መሰለኝ። ወይዘሮ ብሪጂት መነጽራቸውን አወለቁ።

«የቅድመ አያቴ እናት በአገራችን ረሃብ ዘመን አራት ልጆች ይዛ፣ ድሃ ለቁራሽ እየሠራ ወደሚታጎርበት ወደዚያ ቤት ገባች» አሉ። «አንዷን ብቻ ይዛ ወጣች። ሦስቱ ከቤቱ ጀርባ ሜዳው ውስጥ ተቀብረዋል። የጠገበ አልነበረም፣ አባ።»

አባ ኃይለመለኮት በእጃቸው ዝም በል ይሉኛል። ዝም ብዬስ ምን ላተርፍ?

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። በእኛ ቋንቋ ሥራ ቤት ማለት ምግብ የሚሠራበት ቤት ነው። ስለ ረሃብ እንዳላነሳ ፈርቼ ነበር። የአባቴ ሦስት ወንድሞች ያለቁት በረሃብ ነው።»

አባ ኃይለመለኮት ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። አለቀልኝ አልኩ።

«ምነው የኛም ቤት በቋንቋችሁ እንደሚባለው በሆነ ኖሮ!» አሉ ወይዘሮ ብሪጂት። ግራና ቀኝ ያሉትን አየት አደረጉ። «ሲመጡ ሜዳው ላይ አብረን እንጸልያለን። የአጎቶችዎንም ስም እናነሳለን። ማን ማን ይባላሉ?»

«ሲመጡ» ማለታቸውን ሰምቼ እንኳ ለመደሰት ጊዜ አላገኘሁም።

«ኃይሌ፣ ሸዋንግዛው...» ሦስተኛ ጣቴን አጠፍኩ። «ሦስተኛው ክርስትና ሳይነሳ ነው የሞተው። ስም አልወጣለትም።»

«ሜዳው ውስጥ ያሉትንም በስም የሚያውቃቸው የለም» አሉ ወይዘሮ ብሪጂት። «እንግዲያው እሱ የኛ ነው።»