የአባ ገስግስ ጎማዎች

ወይዘሮ ሀብትነሽ ወደ ጎሚስታው ይርሳው ደጅ ሲመጡ፣ ይርሳው አንድ የመንግሥት ላንድሮቨር ሥር ተኝቶ ነበር። ያየው እግራቸውን ብቻ ነው። ከአንድ ወር ወዲህ ጫማ ያላደረጉ እመቤት ቢቸና ውስጥ እሳቸው ብቻ ናቸውና አወቃቸው። አወቃቸውና፣ ምን ይደረግ፣ እዚያው መሬት ተከፍቶ ቢውጠው ተመኘ።

«ይርሳው፣ ውጣ እስቲ፤ እኔ ነኝ» አሉት።

ወጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጎንበስ አለ። «ምነው እትዬ፣ ሰው ቢልኩብኝ እኔው አልመጣም ነበር?»

«ሰው የሚላክበት ጉዳይ አይደለም። የልጄ የፋንታ አርባ ሊደርስ ዐሥር ቀን ቀርቶታል። የቀብሩ ዕለት ፈረሱ አልተሳበለትም። አርባው ላይ ይሳብለት። አንተ ለመኪናዋ ጎማ ምረጥላት፤ የምትስባትም አንተ ነህ።»

ያገሩ ወግ ነው። ጎበዝ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ልብሱና ጠመንጃው ተሰቅሎበት፣ በለቀስተኛው መሀል ይሳባል። አልቃሿ ፈረሱን በስሙ እየጠራች «ጌታህን የት ጣልከው?» ትለዋለች፤ ያን ጊዜ አንጀቱ የማይላወስ የለም። ፋንታ ግን ፈረስ አልነበረውም። ሞጣ ጤና ጣቢያ ይሠራ ለነበረው ለዚህ አንድ ልጃቸው የነበረችው፣ አገር ለቆ ከሚሄድ ጣልያን የገዛት ቀይ የስፖርት መኪና ነች፤ ለሁለት ሰው ብቻ የምትበቃ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀረው። የቢቸና ሰው መጀመሪያ ሳቀባት። «ምን ጉድ ነው፣ ሰው ተኝቶ ይሄዳል እንዴ?» አለ። ኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሞጣ ስትገሰግስ ሲያያት ጊዜ «አባ ገስግስ» ብሎ የፈረስ ስም አወጣላት፤ ሴት ናት ወንድ ናት ብሎ የተጨነቀ የለም።

በጥቅምት አቦ ዋዜማ፣ ከደብረ ወርቅ ወዲህ ባለው ቁልቁለት ላይ፣ የአንዱ የፊት ጎማዋ ልባጥ፣ ላዩ ላይ የተለጠፈው ላስቲክ፣ ተላጠ። መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ቆመች፤ ፓራፋንጎዋ ተጎደጎደ እንጂ ብዙም አልሆነች። ፋንታን ግን አሽቀንጥራ ድንጋይ ላይ ጣለችው። አበቃ። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ!

አሁን መኪናዋ ወይዘሮ ሀብትነሽ ግቢ አራት ድንጋይ ላይ ተሰቅላለች። ጎማ ይመረጥላት፣ እሺ። ያንን የተላጠውን ጎማ የመረጠው ግን ማን ሆነና? ይርሳው ነዋ! ይህን ደግሞ ከእሱና ከሞጣው ነጋዴ ከሐጂ እንድሪስ በቀር የሚያውቅ የለም።

«እሺ እትዬ» አለ።

በማግስቱ በአውቶቡስ ወደ ሞጣ ተነሣ። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ ተሳፋሪው ሁሉ «ነፍስ ይማር» እያለ በመስኮት ሲያይ፣ እሱ ጉልበቱን እያየ አለፈ። የዛሬ ወሩ ነገር እንዳለ መጣበት።

ያን ጊዜ ሞጣ የሄደው ለሥራው ካላማዳሪ ሊገዛ ነበር። ፋንታ ከሐጂ እንድሪስ ሱቅ ቆሞ አገኘው። የመኪናዋ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ ሙልጭ ብለዋል። ልኳ የሆኑ አራት አዲስ ጎማዎች ከአዲስ አበባ አዝዟል፤ አልደረሱም። ሱቁ ውስጥ ያለው አሮጌ ሆኖ ላዩ እንደገና የተለበጠ ጎማ ነው።

«ጋሼ ይርሳው፣ እግዜር ነው ያመጣህ» አለ ፋንታ። «ነገ አውቶቡስ የለም፤ እኔ ደግሞ ለአቦ ዋዜማ ቢቸና መግባት አለብኝ። እነዚህ ያደርሱኛል? አንተ አይሆንም ካልክ እቀራለሁ።»

ሐጂ እንድሪስ ጣልቃ ገቡ። «ይህ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ጭነት የተለበጠ ነው። የእሱ መኪና የምትበር ናት። እኔ ሻጩ አይሆንም እያልኩ ነው።»

ይርሳው ሳቀ። መሳቁን ሲያስታውስ አሁን ምላሱን ቆርጦ መጣል ያምረዋል። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ጎማ ሲፈታና ሲያስር የኖረ ሰው ነው፤ ለእሱ ጎማ ማለት ውፍረት ነው። አውራ ጣቱን በጎማው ጥርስ መሀል ሰደደና «አታዩም? ጣት ይውጣል እኮ! ያደርስሃል እንጂ!» አለ። ወፍራም ልባጥ በፍጥነት ሲሮጥ ግሎ እንደሚላጥ ማን ይንገረው? ሐጂ ነገሩት እንጂ! አልሰማም። ፋንታም አመነው፤ ይርሳው በገዛ እጁ ጎማዎቹን አሰረለት።

ሐጂ እንድሪስ ዛሬ ሲያዩት ከወንበራቸው ተነሡ። «አላህ ያጽናህ» ብለው አስቀመጡት። ጉዳዩን ሰሙ። ነጋዴ ናቸውና እንዲህ አሉ፦ «ሁለት መቶ እርምጃ ተስባ ለምትመለስ መኪና ምን ይመረጣል? ያገለገለ አለ። የቮልስዋገንም አለ፤ ከፍ ያደርጋታል እንጂ ይገባል። አዲስ ምን ይሠራላታል?»

«ልኳን ነው የምፈልገው ሐጂ!» ብሎ ጮኸ ይርሳው። ራሱም ደነገጠ። «አንድ ጊዜ ያለልኳ ማሰሬ ይበቃኛል።»

ሐጂ አተኩረው አዩትና ወደ ጓዳ ገቡ። አራት ጎማዎች አንድ በአንድ እያንከባለሉ አወጡ፤ ወረቀታቸው እንኳ አልተፈታም።

«የእሱ ናቸው» አሉ። «ዋጋቸውን አስቀድሞ ጨርሶ ነበር። በተቀበረ በሦስተኛው ቀን መጡ። ለማን ልስጣቸው? ለእናቱ ልላክ ብል እጄ እምቢ አለኝ።»

በሦስተኛው ቀን! ይርሳው ጎማው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። «ትንሽ ቆይ» የምትል ቃል ምን ያህል ትከብዳለች? ካለቀሰ በኋላ ግን ተነሥቶ አራቱንም መረመራቸው። ጎናቸው ላይ ያለውን ቁጥር ጽፎ ካመጣው የቸርኬው ቁጥር ጋር አስተያየ፤ ውስጣቸውን በመዳፉ ዳሰሰ፤ አንዱንም ሳይዘል ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሐጂ አልቸኰሉበትም።

«እናቱ ያውቃሉ?» አሉት ሲጨርስ።

«አያውቁም።»

«ንገራቸው። ይህን በሆድህ ይዘህ መኪናዋን ብትስብ አትችለውም።»

በአርባው ዋዜማ ይርሳው ወይዘሮ ሀብትነሽ ግቢ ጎማዎቹን አሰረ። እሳቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው ያዩታል። የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ መኪናዋን ከድንጋዮቹ አወረደና፣ ከአራቱ ድንጋዮች አንዱን አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ። ተንበረከከ። ይህም ያገር ወግ ነው፤ ደም ያለበት ሰው ይቅርታ የሚለምነው ድንጋይ ተሸክሞ ነው።

«ምን ሆነሃል?» አሉ።

«እትዬ፣ ነገ ሌላ ሰው ይሳባት። ያንን ጎማ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሐጂ አይሆንም ብለው ነበር። ስቄ፣ ያደርስሃል አልኩት። ልጅዎን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ሀብትነሽ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ይርሳው ሰው ጠርተው ሊያስወጡት ነው ብሎ ጠበቀ። ቢያስወጡትም እውነት አላቸው። ሲመለሱ የያዙት ግን የፋንታን ኮት ነው፤ ነገ መኪናዋ ላይ የሚሰቀለውን። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ይህን አንብብልኝ። ከሬሳው ኪስ ነው የተገኘ። መርጌታ ወልደ ሰንበት ናቸው የጻፉልኝ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የሚለውን ግን አውቀዋለሁ።»

ይርሳው ድንጋዩን በአንድ እጁ እንደ ደገፈ አነበበ። «ልጄ ፋንታ፣ ጎማ እስኪመጣ ለአቦ አልመጣም ማለትህን ሰማሁ። ከእናት ጎማ ይበልጣል? አባትህ በእግሩ ይደርስ ነበር። ዘንድሮ ከዝክሬ ከቀረህ እናቴ ብለህ እንዳትጠራኝ።»

«አየህ?» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ። «ሊቀር ነበር እኮ። ልጄ አስተዋይ ነበር። አንተ ጎማውን መረጥክ፤ ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አንተ ለእኔ ድንጋይ ከተሸከምክ፣ እኔ ለማን ልሸከም?»

በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከትከሻው አንሥተው መሬት አስቀመጡት። ከብዷቸው ነበር፤ አላገዛቸውም፣ አልፈቀዱለትምና።

በማግስቱ አባ ገስግስ ተሳበች። ኮቱ መሪው ላይ ተሰቀለ፣ የአባቱ ጠመንጃ መቀመጫው ላይ ተጋደመ። ገመዱን የያዘው ይርሳው ነው፤ ወይዘሮ ሀብትነሽ በሩን ይዘው ከጎኗ ይሄዳሉ። አልቃሿ «አባ ገስግስ፣ ጌታህን የት ጣልከው?» ስትል ለቅሶው ቀለጠ። ለምን እንደጣለው የሚያውቁት ሁለቱ ግን አንገታቸውን ደፍተው ተራመዱ። አዲሶቹ ጎማዎች ኮሽ አላሉም።

ሰው ሲበተን ይርሳው መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ወደ ድንጋዮቿ መለሳት።

«ለምን ትሰቅላታለህ?» አሉት።

«ክብደት ተሸክሞ የሚቆም ጎማ ጎኑ ይሰነጠቃል እትዬ።»

«እንዲህ ከተሰቀለችስ፣ ጎማው ስንት ዘመን ይቆያል?»

«ኧረ እንዲህ ከተያዘማ እኔንም እርስዎንም ይቀብራል።»

ፈገግ አሉ፤ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ፈገግታው ግን ከፊታቸው ሳይጠፋ እንባቸው መጣ። እጃቸውን ካልተነካው የጎማ ጥርስ ላይ አሳርፈው «ቀባሪዬ እሱ ነበር እንጂ!» አሉ። «እሱ ነበር እንጂ!»

ይርሳው ክሪኩን አስቀምጦ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠ።