በስመኝ ላይ የተለካው ቀሚስ

ጎባ ውስጥ በአቶ በለጠ የሴቶች ልብስ ሱቅ ስመኝ ከመሸጥ ሌላ አንድ ሥራ ነበራት፤ በሌሉ ሴቶች ፈንታ ትለካለች። ከሪራ መንደር ማር ይዞ የመጣ ባል፣ ወይም ለእህቱ የሚገዛ አስተማሪ፣ "ቁመቷ እንዳንቺ ነው" ይላታል፤ እሷም መጋረጃው ውስጥ ገብታ ለብሳ ትወጣለች። መጀመሪያ የምታየው ትከሻውን ነው። ወገብ ማጥበብ፣ ጫፍ ማሳጠር ይቻላል፤ ትከሻው እምቢ ያለ ልብስ ግን አይስተካከልም።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወይዘሮ ቀለሟ ከእህታቸው ጋር ሲገቡ ስመኝ ነጠላዋን አስተካከለች። ቀለሟ የለሜሳ እናት ናቸው። ለሜሳ ሮቤ ወፍጮ ቤት ይሠራል፤ እህል ሲገባ ሽማግሌ እልካለሁ ብሏት ነበር። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ከተጀመረ ወዲህ ግን ድምፁ ጠፍቷል።

ሴቶቹ ለጥሎሽ የሚሆን ቀሚስ እንደሚፈልጉ ተናገሩ፤ የማን ጥሎሽ እንደሆነ አላሉም። አክስቲቱ ሮዙን ሳቲን ጠቁመው ስመኝ ራሷ ለብሳ እንድታሳያቸው ጠየቋት። የወንድ ወገን የሙሽራዋን ልክ ሳያስነቃ የሚወስድበት ብዙ ዘዴ አለው። ስመኝ ይኼም እንዲያ መሰላት። መጋረጃው ውስጥ ገብታ ቁልፎቹን እስከ አንገቷ ቆለፈች።

ስትወጣ አክስቲቱ በዚህ ቀሚስ እንዴት ወጥ ሊሠራበት ነው ብለው ቀለዱ። ስመኝ ስቃ ዞር ዞር አለችላቸው። ቀለሟ አልሳቁም። ጎንበስ ብለው የቀሚሱን ጫፍ ያዙ።

"ከዚህ አራት ጣት ይጠር" አሉ። "እሷ አጠር ትላለች።"

"ማን ናት፣ እማማ?"

"የቀበሌው ሊቀ መንበር ልጅ።" ቀና አላሉም። "ለሜሳ ለዘመቻ ተመልምሎ ነበር፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ያስቀረው አባትየው ነው። ሰርጉ ከቀረ መልሶ ይሰደዋል። ታላቅየው ኤርትራ ቀርቶብኛል፤ ሌላ ልጅ የለኝም።"

"እሱስ ምን አለ?"

"ሊነግርሽ እዚህ በር ድረስ መጥቶ ተመልሷል።"

ስመኝ አፏ ላይ የመጣውን ሁሉ አንድ በአንድ መዘነችው። ቀሚሱ አይሸጥም ብትል ሌላ ሱቅ ይሄዳሉ። ሮቤ ወርዳ ብትጮህበት ወሬው ሊቀ መንበሩ ጆሮ ይገባል፤ ያን ጊዜ ለሜሳ ለእሷም፣ ለዚያችም፣ ለእናቱም አይተርፍም። በየትኛውም በኩል ብትዞር እሷ ጋ የሚመልሰው መንገድ አልነበረም።

ስፒሉን ከጠረጴዛው አንስታ ለቀለሟ ሰጠቻቸውና ቀጥ ብላ ቆመች።

"ዙሪያውን እኩል ያድርጉት" አለቻቸው። "ከኋላ ከፍ እንዳይል።"

ጫፉ በስፒል ተይዞ ካለቀ በኋላ እንዳይወጋት ብቻዋን ማውለቅ አልቻለችም። ቀለሟ አብረዋት መጋረጃው ውስጥ ገብተው በራሷ በኩል ቀስ አድርገው አወለቁላት። ከዚያ ቀሚሱን በክንዳቸው አጥፈው ይዘው ወጡ።

ስመኝ በውስጥ ልብስ እንደቆመች አቶ በለጠ ለጥሎሽ የሚስማማ ሻሽም አለን ሲሏቸው ሰማች። ቀጥለውም ስሟን ጠርተው አምጪላቸው አሏት።