ተቀምጦ ማስተካከል

ፀጉር አስተካካዩን ወገቡ ካስቸገረው ዓመታት አልፈዋል፤ ግትርነቱ ግን ከወገቡም ይብሳል። ሚስቱ "ወይ ሱቁን ዝጋ፣ ወይ ከሰው ተማር!" ብላ ብታፋጥጠው እያጉረመረመ ወደ ሰፈሩ አዳራሽ ሄደ። እዚያ የማይለቅ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በየሳምንቱ ተሰብስበው ከሕመማቸው ጋር እንዴት እንደሚኖሩ ይመካከራሉ። ሐኪም የለም። የሚመሯቸው ጉልበታቸው የከዳቸው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ሁሉም ለሳምንቱ አንዲት ትንሽ ነገር ያቅዳል፣ ሲመለስ እንዴት እንደሆነለት ይናገራል።

የእሱ ዕቅድ ተቀምጦ ማስተካከል ነበር። ከፍ ያለ በርጩማም ገዛ። ግን ፈራ። የተቀመጠ ዕለት ሙያው የሚያበቃለት መሰለው። እናም በርጩማውን የፎጣ ማስቀመጫ አደረገና ስብሰባው ላይ "ኧረ እኔ ተቀምጬ ነው የምውለው!" ብሎ ዋሸ። አጨበጨቡለት። ጭብጨባው ደግሞ ደስ አለው፣ ምን ይደረግ!

ቡድኑ የዋህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሊያበረታቱት ተጠራርተው ሱቁ ከተፍ አሉ። ከአባላቱ አንዱ የሆነው መላጣ ዘበኛ እንኳ አልቀረም። ሾፌሩ ቀድመው ወንበሩ ላይ ተሰየሙ።

"በርጩማህስ?"

"ለእርስዎማ ቆሜ ነው ጋሼ! ለክብርዎ!"

ግራውን ጨርሶ ወደ ቀኝ ሲዞር ወገቡ ሰንጎ ያዘው። የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ ቀረ። ሾፌሩ መስታወቱን አዩ።

"ክብሬ ግማሽ ላይ አለቀ እንዴ?"

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። እሱ በሀፍረት ላብ በላብ ሆነ።

"አይዞህ ወንድሜ፣ ያልዋሸ የለም" አሉት ሾፌሩ። "እኔ በየቀኑ በእግሬ እሄዳለሁ እያልኩ፣ መናፈሻው ወንበር ላይ ጋዜጣ ሳነብ ነው የተያዝኩት።"

ዘበኛው ፎጣዎቹን አንስቶ በርጩማውን ከኋላው አስጠጋለት። ሌላ መላ አልነበረውም፤ ተቀመጠ። ሾፌሩ እንዲደርስላቸው ወንበራቸው ላይ ሸርተት አሉ። መቀሱ የለመደውን ሥራ ያዘ። ቀኙ ተጠናቀቀ። ሙያው የትም አልሄደም ነበር። እንባ እንባ አለው።

ሾፌሩ በመስታወት ግራና ቀኛቸውን አስተያዩ።

"በል እስኪ፣ ይሄንን ቆመህ የሠራኸውን አስተካክልልኝ።"

እሱም ከበርጩማው ሳይነሳ ወንበራቸውን ወደ ራሱ አዞረ።