አቶ ቢያድግልኝ ጫማ የፈቱባቸው ደጆች

አቶ ቢያድግልኝ ሦስት የእግር ጉዞ ጫማ ነበራቸው፤ የትኛውን አድርገው እንደሚመጡ እንድነግራቸው ደወሉልኝ።

ደሴ ላይ እንግዶችን በእግር የሚያስጎበኝ ትንሽ ድርጅት አላቸው። ከሐይቁ ዳር ተነስቶ አምባሰል ተራራ ግርጌ የሚያደርስ የአንድ ቀን መንገድ ሊጀምሩ አስበው፣ አገሩን የሚያውቅ መሪ ይፈልጉ ነበር። እኔ ጂኦግራፊ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ቤት የተቀመጥሁ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ። ማመልከቻውን የጻፍሁት እኔ ብሆንም ያስገባችልኝ የአክስቴ ልጅ ሀውራ ናት። የማላውቀው ሰው በር ላይ ስደርስ እግሬ ይመለሳል።

«ቅዳሜ አንቺ ትመሪያለሽ፣ እኔ እከተላለሁ» አሉኝ በስልክ። «ከወደድሁት ሥራው ያንቺ ነው። መጀመሪያ ግን ስለ ጫማው ንገሪኝ። መሪ የሚባለው እንግዳው ምን ተጫምቶ መምጣት እንዳለበት የሚያውቅ ነው።»

«እሺ» ብቻ አልሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ረጅም መልእክት ጻፍሁላቸው፤ በጽሑፍ ደፋር ነኝ። ወፍራሙን የቆዳ ጫማ ይተዉት አልኋቸው፤ ዋልካው ጭቃ ሲጣበቅበት ወፍጮ አስረው እንደሚሄዱ ያህል ይከብድዎታል። ውሃ የማያስገባውንም ይተዉት፤ የሐይቁ ዳር ረግረግ በአንገቱ በኩል ከገባበት መውጫ የለውም፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ተሸክመው ይውላሉ። ቀላሉንና አየር የሚያስገባውን ያድርጉ፤ ይረጥባል፣ ግን ቶሎ ይደርቃል። ሽቅብ ያለው መንገድ ጠጠር ስለሆነ ቁርጭምጭሚትዎን የሚሸፍን ይሁን፣ ማሰሪያውንም እስከ ላይ ድረስ ያጥብቁት።

«እንዲህ የሚጽፍ ሰው ነው የምፈልገው» ብለው መለሱልኝ።

እኔ ግን ጫማ አልነበረኝም። ሀውራ ይዛኝ ደሴ ወጣች፣ ልባሽ ጫማ ከሚሸጥበት። ሀውራ ብዙ ዓመት ጅዳ ሠርታ አምና ነው የተመለሰችው፤ ዋጋ ስትከራከር ሰው ቆሞ ያያታል።

ሻጩ ግራጫ ቀላል ጫማ አነሳ። ጎንና ጎኑ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው።

«ይሄ ይተነፍሳል» አለ።

«ማን?»

«ጫማው።»

«አጃኢብ!» አለች ሀውራ። «እኔ ጅዳ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ሠርቻለሁ፤ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ጫማ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ቀዳዳ ነው በል እንጂ ወንድሜ!»

ሻጩ ተናደደ። አፉን ጫማው ውስጥ ከትቶ «እጅሽን ከውጭ በኩል አድርጊ» አላትና በኃይል ነፋ።

«ነፋስ አለ የለም?»

«አለ። ምሳህንም ሽሮ በልተሃል።»

በዙሪያው የነበረው ሰው ሳቀ። እኔ በሂጃቤ ጫፍ አፌን ሸፈንሁ። የምፈልገው ያን ግራጫ ነበር፤ ግን እሱን ስጡኝ ማለት አቃተኝ። ሀውራ አፍንጫው ብረት የሆነ ከባድ ጫማ መርጣ እግሬ ላይ አጠለቀችልኝ። ጥቂት ተራመድሁበት። አንዱን እግሬን ለማንሳት የሌላው እርዳታ አስፈለገኝ።

«እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

ሀውራ ወደ ሻጩ ዞረች። «ይች ልጅ ደህና ነው ካለች አልተመቻትም ማለት ነው። በል ግራጫውን አምጣ። የቀዳዳውን ግን ከዋጋው ላይ ቀንስልን።»

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ቢያድግልኝ በሚኒባስ ደረሱ። ጥቅምት ነበር፤ ዝናቡ ቢያቆምም የሐይቁ ዳር ገና አልጠጠረም። ያደረጉት የመከርኋቸውን ነው፤ እንደ ላባ የቀለለ ጫማ፣ ማሰሪያው ከእግር ጣት ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚት በየቀዳዳው አልፎ በድርብ ቋጠሮ የታሰረ።

ረግረጉ ውስጥ ስንገባ ምክሬ እንዳይከሽፍ ፈራሁ። እሳቸው ግን ቆም እያሉ እግራቸውን ያያሉ።

«ተመልከች ሰሚሃ! ውሃው ገባ… ወጣ! ገባ… ወጣ!»

ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ትተው አዩን። ዋልካው ላይም ጫማቸው አላሳፈረኝም፤ የሶሉ ጥርስ ሰፋፊ ስለሆነ ጭቃው ትንሽ እንደያዘ ይረግፋል። አቶ ቢያድግልኝ እያንዳንዷን እርምጃ፣ ልጁ አንደኛ እንደወጣ አባት፣ ዞር እያሉ ያበስሩኛል። ያን ያህል መንገድ ሄደን እኔ የተናገርሁት «በዚህ በኩል» የሚል ብቻ ነበር፤ ያም በቂ ሆኖ ነበር።

ማሽላው መሃል ስንገባ ግን በመልእክቴ ያልጻፍሁት የመንገድ ዓይነት ጀመረ።

«ኧረ ግቡ! ሰው እንዲሁ ያልፋል?»

የእናቴ የዙሌይካ ጓደኛ ዑምኩልሱም ናት፣ ከደጇ ቆማ። በእኛ አገር የሚያውቁትን ሰው ደጅ ሳይገባ ያለፈ ወይ ተጣልቷል ወይ ታሟል። እኔ አልተጣላሁም፣ አልታመምሁም። ገባን። እኔ ተረከዜን በሌላው እግሬ ረግጬ፣ ማሰሪያ ሳልፈታ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ከልጅነቴ የተካንሁበት ነው። አቶ ቢያድግልኝ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና መፍታት ጀመሩ። ቀኙን ጨርሰው ግራውን ሲጀምሩ ቂጣው በእርጎ ቀርቦ ዑምኩልሱም ጉርሻ ይዛ በር ላይ ትጠብቃቸው ነበር።

በልተን፣ ተመርቀን፣ እሳቸውም እንደገና አስረው ወጣን። ከአጥሩ ሳንርቅ የዑምኩልሱም ምራት ብቅ አለች።

«እዚያ ገብታችሁ እኛ ጋ የማትገቡት ምን አድርገናችሁ ነው?»

ፈቱ። በላን። አሰሩ። ከእሷ ቀጥሎ ደግሞ እህቷ ነበረች።

«ሰሚሃ» አሉኝ አቶ ቢያድግልኝ፣ ሦስተኛው ደጅ ላይ ከጎነበሱበት ቀና ብለው፣ «‹አይ› የሚባለውን ቃል አታውቂውም?»

«አውቀዋለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«አልወጣ እያለኝ ነው።»

ሸህ ኑርዬ ደጅ ስንደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ወዳጃ የሚባለውን የጸሎት ጉባኤ ተቀምጠዋል። ችግር ያለበት ወደ ፊት ይወጣል፣ ሸሁ ዱዓ ያደርጉለታል፣ ጉባኤው አሚን ይላል። ዱዓ እየተደረገ በደጅ የሚያልፍ ከቶ የለም፤ የደሴው አቶ ቢያድግልኝም ይህንን ያውቃሉና ሳልነግራቸው ወደ ድንጋዩ ሄዱ። በዚህ ጊዜ ግን መፍታት ሰልችቷቸው ማሰሪያውን እስከ ጣታቸው ድረስ አላልተው፣ ጫማውን አፉን እንደከፈተ ከደጁ ተዉት።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የሰላት ሰዓት ሲቃረብ ለውዱእ የሚወጣ ሰው የራሱን ጫማ አይፈልግም። ለእግሩ የቀረበውን አጥልቆ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ይህን እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። አፉን የከፈተ ጫማ ደጃፍ ላይ መተው ‹እንካ› ማለት እንደሆነ ግን ለእሳቸው መንገር አልታሰበኝም።

ትንሽ ቆይተው ወጣ አሉና ተመልሰው ከሴቶቹ ጫፍ ወደተቀመጥሁበት ጎንበስ አሉ።

«ጫማዬ የለም።»

በቦታው ተረከዙ የተበላ ጥቁር ኮንጎ ጫማ ቆሟል።

«ንገሪያቸው እንጂ። አንቺ ነሽ መሪዋ።»

ተነሳሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ የሂጃቤን ጫፍ እያፍተለተልሁ ወደ ፊት ወጣሁ። አፌን ከፈትሁ፤ ምንም አልወጣም። ሸህ ኑርዬ በርኅራኄ አዩኝ።

«አትናገሪ ልጄ» አሉ። «ገብቶናል።»

ወዳጃ ላይ አንገቷን ደፍታ የቆመች፣ መናገር ያቃታት ልጃገረድ ምን እንደምትፈልግ የማያውቅ የለም። እጆች ሁሉ ተዘረጉ።

«ያ ረብ! ለዚች ልጃችን ሷሊህ የሆነ ደግ ባል ወፍቃት!»

«አሚን!»

«ልጆቿን እንደ ማሽላ ዛላ አብዛላት!»

«አሚን!»

ከኋላ አንድ «አሜን!» ከሁሉም ጎልቶ ተሰማ። አቶ ቢያድግልኝ ናቸው። ዞር ስል «ነገርሻቸው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አልነገርኋቸውም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ባል ነው።»

«ባሉ ይቆየን!»

አንዲት አሮጊት «አልተቀመጠችም፣ ሌላም ጉዳይ አላት» አሉ። «ሪዝቅ ነው፤ ተምራ ሥራ አጥታ ነው።» እጆች እንደገና ተዘረጉ። ሸሁ በደጇ የቆመውን እንጀራ እንዳይነሳት፣ የሚቀጥራትን ሰው ልብ እንዲያራራላት ለመኑ። አቶ ቢያድግልኝ በእርጥብ ካልሲያቸው ቆመው ጣሪያውን አዩ። በዚህኛው አሜን ያሉት ዝቅ አድርገው ነው።

ሸሁ ለሦስተኛ ጊዜ እጃቸውን ሲያነሱ የሆነ ድምፅ ግድግዳውን መታው።

«ጫማ ጠፍቷል!»

የኔ ድምፅ ነበር። የሸሁ እጆች አየር ላይ ቀሩ።

«ለጫማም ዱዓ ይደረጋል» አሉ ከጥቂት ሐሳብ በኋላ። «መጀመሪያ ግን ደጁን እንይ።»

ወንዶቹ ወጥተው ኮንጎውን እንዳዩ አንዱ «የሀሚዱ ነው» አለ። «ለውዱእ ብሎ ወጥቶ ነበር፤ ዝንጀሮ ማሽላህ ውስጥ ገባ ሲሉት በዚያው ሮጠ።»

ሸህ ኑርዬ ከአጥሩ ጥግ ቆሙና እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ሽቅቡ ተጣሩ።

«ሀሚዱ ሆይ! ያደረግኸው የእንግዳ ጫማ ነውውው!»

ከላይ ከማሽላው መሃል መልስ መጣ። «ምኑ?»

«ጫማው!»

«ወላሂ ጥሩ ነውውው!»

አቶ ቢያድግልኝ በጋሽ ሀሚዱ ኮንጎ፣ እኔ ከፊታቸው፣ ወጣን። ጋሽ ሀሚዱን ያገኘናቸው ድንጋያማው ጫፍ ላይ፣ ወንጭፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ማሰሪያውን ወደ ውስጥ ሸጉጠው ነው። ሲያዩን ደነገጡ።

«አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ! እግሬ ያገኘውን አጥልቆ ነው፤ እኔ የለሁበትም።»

አቶ ቢያድግልኝ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጭቃው ላይ እንዴት ነው?»

«ይተፋዋል።»

«ድንጋዩ ላይስ?»

ጋሽ ሀሚዱ አሰቡ። «ልዋሽዎት? ሹሉን ሲረግጡት ያስታውቃል። ሶሉ ስስ ነው። እዚህ ሽቅብ ላይ ትንሽ ወፈር ቢል አልጠላም።»

«ሙቀቱስ?»

«እሱስ ጀነት ነው! እግሬን ነፋስ ሲገባው ጊዜ ባዶ እግሬን የወጣሁ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየሁ።»

«ዝንጀሮውስ?»

«ደረስሁበት!» አሉ ጋሽ ሀሚዱ፣ እስካሁን እየገረማቸው። «ዕድሜዬን ሙሉ በኮንጎ ሳባርር ደርሼበት አላውቅም። እሱም ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥሁ። ከደረስሁ በኋላ ምን እንደማደርገው አስቤበት አላውቅም ነበር።»

ጫማ ተለዋወጡ። አቶ ቢያድግልኝ ተቀምጠው ከታች እስከ ላይ አሰሩ፣ በድርብ ቋጠሩ። ጥላው ረዝሟል፤ ተራራው ግን ገና ከፊታችን እንደቆመ ነው።

«ሰሚሃ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጫማውን በደንብ መርጠሻል። መንገዱንም ታውቂዋለሽ። ደጁን ማለፍ ግን አልቻልሽም። ብዙ እንግዳ ይዤ ብመጣ ሁሉም ሲፈታና ሲያስር ይመሽብናል። እንግዲህ…»

አልጨረሱትም። የጋሽ ሀሚዱ ሚስት ዋሲላ ከአጥሯ በላይ ብቅ አለች።

«ኧረ ግቡ! የባሌን ጥፋት ሳልክስ ልትሄዱ ነው?»

አቶ ቢያድግልኝ ወደ እኔ ዞሩ። ሥራው በዚህች ደጅ ላይ ተንጠልጥሏል። አንገባም ብል ዋሲላ ትቀየማለች፣ ወሬውም ከእኔ ቀድሞ እናቴ ጋ ይደርሳል። እንገባለን ብል ተመልሼ ቤት መቀመጤ ነው። ወዳጃው ላይ የወጣው ድምፅ ግን ገና ወደ ሆዴ አልተመለሰም ነበር።

«እታለም ዋሲላ! አንገባም፣ ግን አናልፍሽም!» አልሁ። «ጫማ አስረናል። ያለሽን ወደ ደጅ አውጭልንና ከዛፉ ሥር እንቅመስ።»

ወገቧን ያዘች። «እንግዳ ከደጅ ይበላል እንዴ?»

«ሰርግስ የሚበላው ከዳስ አይደል? ዳስ ደጅ አይደለም?»

ዋሲላ አሰበችና ሳቀች። «ይች ዝም የምትለው የዙሌይካ ልጅ አይደለችም እንዴ?» ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

አቶ ቢያድግልኝ ቆመው ልብሳቸውን አራገፉ። «ጥሩ» አሉ። «እኔ ብቻዬን ብመጣ የሚቀበለኝ ውሻ ነበር። በሚመጣው ሳምንት እንግዶች አሉኝ፣ አንቺ ትመሪያቸዋለሽ። የጫማውንም ምክር አንቺው ትጽፊላቸዋለሽ።»

«እሺ ጋሼ» አልሁ፤ ደስታዬን ለመደበቅ ወደ ተራራው ዞርሁ።

ዋሲላ የተጠበሰ እሸት በሰፌድ ይዛ መጣች፤ በብብቷ ደግሞ አዲስ ሰሌን ነበር። ከዛፉ ሥር ዘረጋችው፣ ጫፍና ጫፉን በእጇ አስተካከለችው፣ እንድንቀመጥበት ወደ ጎን ቆመች። ሰሌን በጫማ አይረገጥም።

አቶ ቢያድግልኝ ሰሌኑን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጎነበሱ። ቋጠሮው በሐይቁ ውሃ ርሶ፣ በፀሐይ ደርቆ እንደ ጠጠር ሆኗል። ጋሽ ሀሚዱ ኮንጎአቸውን ከእግራቸው ወርውረው እሸቱን መፈልፈል ጀምረው ነበር።

«ነይ እስቲ መሪዋ» አሉኝ አቶ ቢያድግልኝ፣ «ሳያልቅብን ይችን ቋጠሮ ፍችልኝ።»